ለየሺ ሌሊት የሚበቃ ፀሐይ

እሑድ፣ ነሐሴ ፬

ሊነጋ ሲል ማሽኑ ጮኸ። አንድ ረጅም፣ የማያቋርጥ ጩኸት። ከአልጋ እንዴት እንደ ተነሣሁ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የየሺ እጅ በጨለማው ውስጥ ክንዴን ፈልጎ ሲይዝ ነው።

«መብራት ጠፋ?» አለች።

«ጠፋ» አልኳት።

መስኮቱን ከፈትኩ፤ ትራሶቹን ሁሉ ከኋላዋ ደረደርኩ፤ ቀና አድርጌ ያዝኳት። እስኪነጋ ድረስ አልለቀቅኳትም። የምትናገርበት ትንፋሽ አልነበራትም።

ነገርን በቅደም ተከተል ማስፈር የችሎት ልማዴ ነው፤ ልብን ያረጋጋ እንደ ሆነ ብዬ ዛሬም እንዲሁ አደርጋለሁ። የባለቤቴ የወይዘሮ የሺመቤት ሳንባ ከደከመ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሐኪሙ፣ «የንፋስ መውጫ ከተማ አየር ለእርስዎ ስስ ነው፤ ዝቅ ወዳለ አገር ይውረዱ» ብሏት ነበር። «ያስተማርኳቸውን ሁሉ እዚህ ትቼ ማንን ላስተምር ነው የምወርደው?» ብላ መለሰችለት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ በደጃችን የሚያልፍ ጎልማሳ «እትዬ» ብሎ ጎንበስ ሳይል አይሄድም። ካልወረደች የቀረው መንገድ ይህ ማሽን ነው። ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይሰድዳል። ቀኑን ያለ እርሱ መዋል ትችላለች። ሌሊቱን አትችልም።

ይህን የምናውቀው እኛ ሁለታችን፣ አዲስ አበባ ያለችው ልጃችንና ሐኪሙ ብቻ ነን። ማሽኑ ከቤት የገባ ዕለት የሺ ቃል አስገባችኝ። አንዲት ባልንጀራዋ ኦክስጅን በተደረገላት ጊዜ ጠያቂው ሁሉ ቱቦውን ሲያይ ገና ከበሩ እያለቀሰ ይገባ ነበር። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ኖራለች፤ ግን እንደ ሞተች ተቆጥራ። የሺ ያን አልረሳችም። «በቁሜ እንዳያለቅሱልኝ ማንም አይወቅ» አለችኝ። ቃሌን ሰጠኋት።

ከቅዳሴ ስወጣ አንዱን የመብራት ሠራተኛ አገኘሁት። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሏል።

«ሌላው ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።»

«መቼ ይመጣል?»

«መንገዱ ሲፈቅድ።»

መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ከመሸ በኋላም መንቀሳቀስ አይቻልም። ሌሊት ብትደክምብኝ ሆስፒታል የሚያደርሳት ባጃጅ የለም ማለት ነው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ክፍሏ ሄጄ አይቻት ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፭

ከሰይድ ሱቅ ዋልኩ። ሰይድ በገበያው በኩል ሶላርና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ራሱም የሚገጥም ነጋዴ ነው። እርሱንም ፊደል ያስቆጠረችው የሺ ናት።

«ስንት አምፖል ይሁንልዎ፣ ጋሼ?»

«አምፖል ሁለት ይበቃኛል። ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ አንድ ዕቃ ግን አለኝ።»

«ፍሪጅ?»

«አይደለም።»

«ሌሊቱን ሙሉ ምን ሊፈጩ ነው? ወፍጮ ከሆነ እኔም ሽርክና ልግባ» ብሎ ሳቀ።

ከማሽኑ ጀርባ የገለበጥኩትን ጽሑፍ ሰጠሁት። አነበበው። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። ለአጎቱ ተመሳሳይ ዕቃ ገጥሞ ያውቃል መሰለኝ። ማን ታመመ ብሎ አልጠየቀኝም። ወረቀቱን አጥፎ ሲመልስልኝ፣ «እትዬ ደኅና ናቸው?» አለ ብቻ።

«ደኅና ናት» አልኩ።

ደግነቱ ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ማሽኑ የሚበላውን አውቃለሁ» አለኝ። «ነሐሴ የሚሰጠንን ነው የማላውቀው። ጥቅምት ላይ ቢሆን ሁለት ሶላር ይበቃዎ ነበር። አሁን አራት እንስቀል። ጭጋግ ከዋለ ግን አራቱም ቢሆኑ…» እጁን አገላበጠ።

እንግዲህ የተስማማነው፤ አራት ሶላር ጣራ ላይ፣ አንድ ትልቅ ባትሪ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር፣ ወፍራም ገመድ። ሶላሮቹና ገመዱ እዚህ አሉ። ባትሪውና ኢንቨርተሩ ደብረ ታቦር ናቸው። በመካከል መንገዱ አለ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ፮

ሌሊቱን ተቀምጣ አደረች። በጣቷ ላይ የምትሰካውን ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ደጋግሜ ተመለከትኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ከንፈሯ የጠቆረ መሰለኝና የእጅ ባትሪ አቀረብኩ፤ ብርሃኑ ራሱ ይሁን ሌላ፣ አልለየሁም።

«ችሎት ላይም ሰው ላይ እንዲህ እያፈጠጡ ነበር የሚፈርዱት?» አለችኝ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈች።

ቀን ላይ ትንሽ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ከስልኩ አልተለየሁም። የፈራሁትን ልጻፈው። መኪናው ከመንገድ ቢመለስ። ሣጥኑ ፍተሻ ላይ ተከፍቶ ዝናብ ቢመታው። ባትሪው ደርሶ ኢንቨርተሩ ቢቀር። ሁሉም ደርሶ ፀሐይ ባትወጣ። ሁሉም ሆኖ እኔ በአንድ ሌሊት ብዘገይ።

ወደ ቆላ ልውሰዳት ብዬም አሰብኩ። በየትኛው መንገድ? ተነሥታ መኪና ላይ እስክትወጣ ድረስ እንኳ የምትችል አልመሰለኝም።

ማምሻውን ሰይድ ደወለ። «ተጭኗል፣ ጋሼ። አላህ ካለ ነገ።» ስልኩን ዘግቼ ለየሺ ልነግራት ወደ ክፍሏ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፯

ደረሰ።

ሰይድና ብየዳ የሚሠራ ጓደኛው ከምሳ በፊት ጣራ ላይ ወጡ። ቆርቆሮውን ሲረግጡ የቤቱ ግድግዳ ያስተጋባ ነበር፤ የሺ በክፍሏ ሆና፣ «ጣራውን አፍርሰው ነው ፀሐይ የሚያስገቡት?» ትላለች። ብረቱን ከጣራው እንጨት ጋር በወፍራም ብሎን አሰሩት። እኔ ከታች ሆኜ፣ «አንድ ብሎን ጨምሩ፣ እዚያም ጥግ ላይ» ስል ሰይድ ከላይ፣ «ጋሼ፣ እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ! የሰኔ ንፋስ የእኔንም ሱቅ ቆርቆሮ ወስዷል» አለኝ። ሶላሮቹ ወደ ደቡብ ትንሽ አዘንብለው ተሰቀሉ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ከአጥራችን ማዶ የምትኖረው ወይዘሮ ጥሩነሽ በአጥሩ ላይ አሻግራ፣ «ዳኛው! ፀሐይዋን ለብቻዎ ሊያስሯት ነው?» ብላ ጮኸች።

«ቃሏን ሰጥታ እስክትጨርስ ነው፤ ከዚያ እለቃታለሁ» አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው፣ ያ ሳቅ የግብዣ ያህል ነበር።

ባትሪውና ኢንቨርተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀመጡ። በኢንቨርተሩ መስታወት ላይ የባትሪውን ጉልበት የሚያሳዩ አምስት መስመሮች አሉ፤ ሲደክም አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ሰይድ ሌላውን ሰው ሁሉ ከቤት ካስወጣ በኋላ ብቻ ወደ መኝታ ክፍሉ ገመድ ሳበ። የሺን ጎንበስ ብሎ እጇን ሳማት። ማሽኑን አየ፤ እንዳላየም ሆነ።

ማምሻውን ማሽኑ መሥራት ጀመረ። የሚሰማው ድምፅ እንደ ሩቅ ወፍጮ ነው። የሺ ገና «በራ» ሳልላት ዓይኗ ተከደነ። ፈራሁና መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰካሁ። ተኝታ ነው እንጂ ሌላ አልነበረም። ቁጥሩ እየወጣ ሄደ። አምላኬ ሆይ፣ ተመስገን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ ፰

ጠዋት ጥሩነሽ ስልኳን ይዛ መጣች። ልጇ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ትዳር ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። «ጋሼ፣ ብትደውል ስልኬ ዝግ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ላስሞላው።»

ምን ልበላት? ተቀብዬ ሰካሁት።

ከእርሷ በኋላ አንድ የሥጋ ዘመዴ መጣ። ከእርሱ በኋላ ልብስ ሰፊው ብርሃኑ ሁለት ስልክና የጓደኛውን ፀጉር መቁረጫ ማሽን ይዞ መጣ። «ዳኛው፣ ጀነሬተር ያለው ሰውዬ ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል፤ የእርስዎ ቤት ግን ወረፋ የለውም» አለኝ። ከቀትር በፊት የሳሎኑ ጠረጴዛ በስልክ ተሸፈነ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የዚህ ቤት በር ለተጣላም ለተቸገረም ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ የታየ አይደለም። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። የእኔ ምክንያት ደግሞ የማይነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ኅሩይ ራሳቸው መጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑን የድምፅ ማጉያ ባትሪ በአንድ ዲያቆን አሸክመው። «የእመቤታችን ጾም ነው፣ ዳኛ። ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ደጅ መድረስ ያልቻለው ሁሉ ቅዳሴውን በዚህ ነው የሚሰማው።»

መስቀሉን ተሳልሜ ባትሪውን ተቀበልኩ።

በመሸ ጊዜ ከአምስቱ መስመር ሦስቱ ብቻ ቀርተው አየሁ። ስልኮቹን ሁሉ ነቀልኩ፤ አምፖሉን አጠፋሁ። ከመኝታ ክፍሉ ማሽኑ ያንን የሩቅ ወፍጮ ድምፅ ያሰማል፤ እያንዳንዱ ትንፋሿ ከባትሪው ሲቀነስ የማየው መሰለኝ።

አርብ፣ ነሐሴ ፱

ባትሪው ሌሊቱን ዘለቀ። ሲነጋ የቀረው አንድ መስመር ነበር። እርሱም ብልጭ ድርግም ይላል።

ጭጋጉ ደግሞ አልተነሣም። ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ አይታይም። ጣራው ላይ ያሉት ሶላሮች በነጭ ውኃ ውስጥ የሰጠሙ ይመስላሉ። ሰይድን ደወልኩለት። «ጭጋግም ቢሆን ትንሽ ይሞላል፤ ዛሬ ግን ሌላ ነገር አይስኩበት፣ ጋሼ። እባክዎ።»

ሰው ግን መጣ። ትናንት የሰጠሁትን ዛሬ በምን እነፍጋቸዋለሁ? ተቀበልኳቸው። አሁን የምጽፈውን ማንም ባያነብብ እወዳለሁ። ስልኮቹን ባለቤቶቻቸው እያዩ ሰካኋቸው፤ ከበር ሲወጡ መጋረጃውን ጋርጄ ነቀልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ እንደ ተኙ ዋሉ። ማታ ለየባለቤቶቻቸው መለስኳቸው። በገዛ ቤቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የጎረቤቶቼን ስልክ ሸሽጌ እነቅላለሁ።

ብርሃኑ ስልኩን ከፍቶ አየና ወደ ጥሩነሽ ዘወር ብሎ፣ እኔ እንድሰማ ሆኖ፣ «የእኔስ ፍልሰታን ጾሞ ነው የወጣው» አለ።

«የእኔም ውኃ እንኳ አልቀመሰም» አለች ጥሩነሽ። እየሳቀች አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑን ባትሪ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ላክሁት። ማምሻውን ሁለት መስመር። ሐኪሙ በስልክ እንደ ነገረኝ የማሽኑን መጠን በጥቂቱ ዝቅ አደረግሁ። የሺ አወቀችው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፲

ጭጋግ። ዝናብ። ጭጋግ።

በሩን ቀረቀርኩ። የመቀርቀሪያው ብረት ዝጓል፤ ሲገባ የጮኸው ድምፅ ውስጥ ድረስ ተሰማ። ጥሩነሽ አንኳኳች። በቀዳዳው ሆኜ፣ «ሶላሩ ተበላሽቷል» አልኳት። ወደ ጣራው ቀና ብላ አየች። «እሺ፣ ዳኛ» አለችና ሄደች። ከአፏ «ጋሼ» የቀረው ዛሬ ነው።

የሺ ሁሉንም ሰምታለች።

«ከቃሌ ፍችኝ» ብዬ ለመንኳት። «ለጥሩነሽ ብቻ ልንገራት። ለአባ ብቻ።»

«ለጥሩነሽ ብቻ የሚነገር ነገር አለ?» አለችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ያወቁ ዕለት ያበቃልኛል። እርስዎ ማሽኑ ሲጠፋ ነው የሚፈሩት፤ እኔ ደግሞ ሰው እንደ ሬሳ ሲያየኝ ነው። እየፈራሁ ነው እኮ። ይተዉኝ።»

በትዳር ዘመናችን ሁሉ «ፈራሁ» ስትል የሰማኋት የመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ አልለመንኳትም።

ሰይድ በዝናብ መጣ። የማሽኑን ገመድ ከሌላው ለየው፤ ከአሁን በኋላ የሳሎኑን ሶኬት በአንድ ማጥፊያ ለብቻው መዝጋት ይቻላል። ሥራው መልካም ነው። ሰማዩን ግን ማንም ሊገጥመው አይችልም። ሲወጣ በገበያው የሚወራውን ሳይወድ ነገረኝ። ብርሃኑ፣ «ተበላሽቶ የሚያበራ ሶላር ያየሁት ዳኛው ቤት ነው» ብሏል። ሌሊት በመኝታ ቤቱ መስኮት ብርሃን አይተዋል።

ሌላው ሁሉ ይቅር። ግን የመቀርቀሪያው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

እሑድ፣ ነሐሴ ፲፩

ሽማግሌ መጣብኝ።

ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እየመራሁ የምሄድ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ አባ ኅሩይ፣ ብርሃኑና ሁለት የሰፈር ሽማግሎች በሬ ላይ ቆሙ። ከፈትኩ። ሳሎን አስገባኋቸው።

«ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ። ወጉ ይህ ነው፤ እኔም በስንት ሰው ቤት እንዲሁ ቆሜያለሁ። በዚያኛው ወገን ሲቆሙ ግን እግር እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተናገሩ። «ስለ ስልክ አልመጣንም፣ ዳኛ። ስልክ ምን ቁም ነገር አለው? ጎረቤት በጨለማ ሲያድር በርዎን ቀረቀሩ። ጥሩነሽ ልጇ ትውለድ አትውለድ ሳታውቅ ቀረች። ተበላሸ አሉ፤ አልተበላሸም። ሰዉ አዝኗል። ምን አስቀየምንዎ? ካስቀየምን እንካስ፤ ካላስቀየምን ይንገሩን።»

ወደ መኝታ ቤቱ በር አየሁ። «የምመልሰው የለኝም፣ አባቴ» አልኩ።

ብርሃኑ ወደ ጣራው እያየ፣ «ተከሳሽ ዝም ሲል አመነ ማለት ነው ይሉን አልነበር?» አለ።

ያን ጊዜ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

የሺ ሌሊቱ ከብዷት ስለ ነበር ዛሬ ቀንም ከማሽኑ አልተላቀቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቱቦው ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ወለል ተዘርግቶ፣ አንድ እጇን በግድግዳው እየደገፈች መጣች። ከሳሎኑ ደፍ ላይ ስትደርስ ቱቦው አለቀባትና ቆመች። ሮጬ ልይዛት ስል በእጇ ከለከለችኝ።

«ብርሃኑ።»

«አቤት፣ እትዬ» አለ። ኮፍያው መቼ ከራሱ እንደ ወረደ አላየሁም።

«ዳኛው አልሰሰቱም።» አረፈች። «ፀሐይዋን የምበላት እኔ ነኝ።» ደግሞ አረፈች። «ሌሊት ያለዚህ አልችልም። እንዳይናገሩ ቃል ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። እንግዲህ አያችሁኝ። የሚያለቅስ ካለ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ያልቅስ።»

አባ ኅሩይ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ከቆሙበት አማተቡባት። ብርሃኑ በኮፍያው ፊቱን ሸፈነ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ጉንፋን ነው፣ እትዬ።»

«የቤት ሥራ ሳትሠራ ስትመጣም ጉንፋን ነበር» አለችው።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ አመለጣቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ብርሃኑም በኮፍያው ውስጥ። የሺም ልትስቅ ጀምራ ሳል ያዛት፤ ሳሉ ረዘመ፤ ሳቁ በሁሉም ፊት ላይ ደረቀ። አቅፌ ወደ አልጋዋ መለስኳት። ስመለስ አራቱም ተቀምጠው ነበር።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፲፪

የፈራችው ሁሉ ደረሰ።

ከጠዋት ጀምሮ ሴቶች በእግራቸው ጣት እየረገጡ ይገባሉ። ምግብ የተሸፈነበት ሳሕን ያስቀምጣሉ፤ ቱቦውን ያያሉ፤ ወለሉን ያያሉ። በሹክሹክታ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላሉ። አንዲት ሴት በበረንዳው ላይ ወደ ጎን ወስዳኝ፣ «ልጅቷ ከአዲስ አበባ ተጠርታለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ተብሎ የሚጠየቀው መቼ እንደ ሆነ አውቃለሁ።

ስልክ ይዞ የመጣ የለም። የድምፅ ማጉያውም ዛሬ አልተሰማም፤ አባ፣ «አባቶቻችን ያለ እርሱ ቀድሰዋል» ብለው ባትሪውን እንዳላኩት ዲያቆኑ ነገረኝ። ጥሩነሽ መጥታ እጄን ይዛ ቆየች። ልጇ ቅዳሜ ዕለት ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ወሬው የደረሳት ዛሬ፣ ከአርብ ገበያ በመጣ መንገደኛ አፍ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር፣ «ተዉ ጋሼ፣ ተዉ» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ቀትር ላይ ጭጋጉ ጥቂት ገለጥ ብሎ ነበር። ባትሪው ሦስት መስመር ደረሰ፤ ከሐሙስ ወዲህ ያላየሁት ነው። ይህን ለየሺ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልበላችም። ማሽኑ ሙሉ እየሠራ የጣቷ ቁጥር ከትናንት ያነሰ ነው። ለሐኪሙ ደወልኩ፤ ተስፋዋን እንዳትቆርጥ አበረታቷት አለኝ። ባትሪ ሲጎድል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ይህን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ፲፫

ዛሬ ቡሄ ነው። ከሌላው ሰፈር የጅራፉ ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማ ነበር። በእኛ መንገድ ግን ዝም ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጡ። ዱላቸውን ይዘው በጥሩነሽ ደጅ ጨፈሩ፤ ሙልሙላቸውን ተቀበሉ። ቀጥሎ የእኛ በር ነው። የሺ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች፤ ከእሑድ ወዲህ ራሷን ቀና ስታደርግ ያየኋት ያኔ ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን በረንዳ ላይ ወጥታ ግጥም የሚሳሳተውን የምታርመው እርሷ ነበረች።

ጭፈራው ቆመ። ኮቴ ብቻ ተሰማ። ቀስ ብለው፣ ዱላቸውን ከመሬት አንሥተው፣ በደጃችን አልፈው ሄዱ።

የሺ ወደ እኔ ዞረች። «ዘለሉኝ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር።

እኔ በዚህ ሁሉ ቀን እንደዚያች ሰዓት አልፈራሁም። ጫማ ሳላደርግ ወጣሁ። ዝናቡ ያቦካው ጭቃ ላይ እየተንሸራተትኩ ደረስኩባቸው።

«ለምን አለፋችሁ?»

ከፊት ያለው ልጅ ዱላውን ከኋላው ሸሸገ። «እናቴ፣ እዚያ ቤት በሽተኛ አለ፣ እንዳትጮኹ ብላናለች።»

«በሽተኛዋ ራሷ ናት የምትጠራችሁ። ደግሞም መምህርት ናት፤ ቀስ ብላችሁ ካላችሁ ታስደግማችኋለች።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ፣ «ሙልሙል አለ?» አለ።

«አለ።»

ስንመለስ የሺን የሳሎኑ ደፍ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ቱቦው እዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚፈቅድላት። መጀመሪያ ሲጀምሩ ድምፃቸው አይሰማም ነበር፤ ዱላውን መሬት ላይ በሥጋት ያስቀምጡታል። የሺ እጇን በጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ «አልሰማሁም» አለቻቸው። ከዚያ ለቀቁት። ጥሩነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። የጣራው ቆርቆሮ ሳይቀር አስተጋባ። አንዱ ልጅ በግጥሙ መካከል ሲሳሳት ጣቷን አነሣችበትና አስደገመችው። ደክማ ነበር፤ በሁለት እጅ የበሩን መቃን ይዛለች፤ ትከሻዋ በያንዳንዱ ትንፋሽ ይነሣል። እኔ በኋላዋ ሆኜ ስትወድቅ ለመያዝ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ልመልሳት ፈለግሁ። ግን አልመለስኳትም። ልክ አድርጌ እንደ ሆነ አሁንም አላውቅም።

ማምሻውን ሙልሙሉን በሻይ እያራሰች ግማሹን በላች። የጣቷ ቁጥር ከትናንቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ይህ ቡሄው ይሁን፣ ትራሱ ይሁን፣ ማን ያውቃል። ባትሪው ሁለት መስመር ላይ ነው። ጭጋጉ ተመልሷል። ሰይድ፣ «ሌሊቱን ሊያደርሰን ይችላል» አለኝ፤ «ይችላል» የሚለውን እኔም ችሎት ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀምኩበት አውቃለሁ።

ልትተኛ ስትል እጄን ጎተተችኝ።

«ነገ ጥሩነሽ ስልኳን ይዛ ትምጣ በሏት። የልጅ ልጇን ድምፅ ትስማ። እኔም እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ።»

«እሺ» አልኳት። «ፀሐይ ከወጣች» የሚለውን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም።